ሦስት የቀንድ ማንኪያና አንድ ፕሮፔለር

አጎቴ ጉንችሬ ላይ ወፍጮ ቤት አላቸው። ዛሬ ወፍጮውን የሚያዞረው የመብራት ሞተር ነው፤ ጥግ ላይ ግን መብራት ሲጠፋ የሚነሳ አሮጌ የናፍጣ ሞተር አለ። እሳቸው ከልብ የሚወዱት ያንን ነው። ወጣት ሳሉ የከባድ መኪና ረዳት ሆነው አሰብ ድረስ ተመላልሰዋል። እኔ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ካለው የባሕረኞች ማሠልጠኛ ወጥቼ ጥቂት ዓመታት በመርከብ ሞተር ክፍል ሠራሁ፤ አሁን ስዊድን ምዕራብ ጠረፍ ላይ ጀልባ የሚጠገንበት ግቢ ውስጥ ነኝ። ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ገንዘብ አዋጥተን አሥር ሜትር ገደማ የምትረዝም አሮጌ ባለ ሸራ ጀልባ ገዝተናል፤ በጸደይ ውሃ ላይ ትወርዳለች። አንድ ነገር ብቻ አላለቀም፤ ፕሮፔለሯን እንቀይር ወይስ ያለውን እንተወው? ሦስታችንም ተከራክረን አልተግባባንም። ለመስቀል አገር ቤት ስገባ ፎቶዋን ይዤ ነበርና ከጎመን ክትፎው በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሳለ፣ ለአጎቴ አሳየኋቸው። የሚከተለው ያን ከሰዓት የተነጋገርነው ነው።

አጎቴ፦ ሸራ አላት፤ ከኋላዋ ደግሞ ሞተር። ሁለቱን ምን አመጣው?

እኔ፦ ነፋስ ሁልጊዜ የለም፣ ጋሼ። ወደብ ስንገባና ስንወጣ ደግሞ በሸራ ብቻ በጠባብ ቦታ መዞር ከባድ ነው። ለዚያ ትንሽ ናፍጣ ሞተር አላት፤ ዘንጉ ወደ ኋላ ወጥቶ ፕሮፔለሩን ያዞራል።

አጎቴ፦ አሰብ ላይ ሳንቡኮቹ እንደዚያ ነበሩ። ከየመን ወዲያ ማዶ ሲመጡ በሸራ ነው፤ ወደ ጠረፉ ሲጠጉ ሞተሩ ይንኳኳ ነበር። ችግሩ ታዲያ ምንድን ነው?

እኔ፦ ችግሩ ሞተሩ ሲጠፋ ነው። በሸራ ስንሄድ ፕሮፔለሩ ሥራ የለውም፤ ግን ውሃ ውስጥ ተዘርግቶ ይቀራል። ሦስት ሰፋፊ ክንፎች ጀልባዋን ወደ ኋላ ይጎትታሉ።

አጎቴ፦ ምን ያህል ይጎትታል ብለህ ነው? ይቺ የምታክል ነገር።

እኔ፦ ያቺን የክትፎ ማንኪያ ይስጡኝ።

ከቀንድ የተሠራችውን ማንኪያ ተቀበልኳቸው። የእጅ መታጠቢያውን ሳፋ ውሃ ሞልቼ፣ ማንኪያዋን በፊቷ አድርጌ በውሃው ውስጥ አስጎተትኳቸው፤ ከዚያ በጎኗ።

አጎቴ፦ በጎኗ እንደሌለች ሆነች።

እኔ፦ ሙሉው ጉዳይ ይኸው ነው። የኛው ፕሮፔለር ወርዱ 16 ኢንች ነው፤ አርባ ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ክንፎቹ የክቡን ግማሽ ያህል ይሸፍናሉ። ጀልባዋ በሰዓት 6 የባሕር ማይል ስትሄድ፣ ማለትም 11 ኪሎ ሜትር፣ ዘንጉ ተቆልፎ ከቆመ፣ እኔ ባሰላሁት 30 ኪሎ ገደማ ይጎትታታል። ገመድ በፑሊ አሳልፈው ጫፉ ላይ 30 ኪሎ ጤፍ ቢሰቅሉ፣ ሌላውን ጫፍ ከጀልባዋ ኋላ ቢያስሩት ማለት ነው።

አጎቴ፦ ቀንም ሌሊትም?

እኔ፦ ሸራ ላይ እስካለች ድረስ። ፍጥነቷ በግማሽ ሲቀንስ ጉተታው በግማሽ አይቀንስም፤ ሩብ ይሆናል፣ ወደ 8 ኪሎ። ፍጥነት ሲጨምር ደግሞ በዚያው ልክ ይባዛል። ነገር ግን በጣም የሚሰማን ነፋስ ሲደክም ነው። ያኔ ሸራው ራሱ የሚገፋው ትንሽ ስለሆነ 8 ኪሎዋ ትበዛበታለች። ጀልባዋ ትጎተታለች፣ ሰው ይሰለቻል፣ ሞተር ያስነሳል። ሳይነሳ ሊቀር ይችል የነበረ ናፍጣ ያኔ ይቃጠላል።

አጎቴ፦ ስለ መንገዱ ንገረኝ። ስንት ሰዓት ትዘገያላችሁ?

እኔ፦ ሺህ የባሕር ማይል በሰዓት 5 ብንሄድ 200 ሰዓት ነው። በሰዓት ተጨማሪ ግማሽ ማይል ብቻ ብታገኝ 182 ሰዓት ይሆናል። አሥራ ስምንት ሰዓት ትርፍ።

አጎቴ፦ አንድ ሌሊት ከግማሽ ቀን። ሌሊቱን ያልተኛ ሰው ዋጋውን ያውቀዋል። ግን ማርሹን ነጻ ብታደርጉትና ራሱ በውሃው ቢሽከረከርስ? የቆመ ነገር ነው የሚከብደው፤ የሚዞር ይቀላል።

እኔ፦ ልክ ነዎት። ስኮትላንድ ውስጥ የስትራዝክላይድ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ይህንኑ ለክተው በ2008 እ.ኤ.አ. ጽፈዋል፤ ከተቆለፈው ይልቅ በነጻ የሚሽከረከረው ያነሰ ይጎትታል። ብዙ ባሕረኛ ግን ተቃራኒውን ያምናል፤ ጠብ እስኪነሳ ድረስ ይከራከራሉ። ይሁንና መሽከርከሩ ሌላ ዕዳ አለው። ዘንጉ ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻል፣ ማሸጊያው ይበላል፣ የማርሽ ሳጥኑም ሞተር ሳይሠራ ይዞራል።

አጎቴ፦ አውቶማቲክ መኪና በገመድ ሲጎትቱት ማርሹ የሚቃጠለው ለዚያ ነው። ዘይቱን የሚረጨው ፓምፕ የሚሠራው በሞተሩ ነው፤ ሞተሩ ጠፍቶ ጎማው ማርሹን ሲያዞረው በደረቁ ይፋጫል።

እኔ፦ አንዳንዱ የጀልባ ማርሽም እንዲሁ ነው፤ አንዳንዱ ምንም አይለውም። ስለዚህ ማርሹን የሠራው ፋብሪካ ምን እንዳለ ሳያነቡ ነጻ መልቀቅ አይገባም።

አጎቴ፦ ድሮስ? ሞተርና ሸራ አብረው የነበሩባቸው ትልልቅ መርከቦች እንዴት አደረጉ?

እኔ፦ ጥሩ ጠየቁ። እንግሊዞች በ1860 እ.ኤ.አ. ዋሪየር የምትባል የብረት የጦር መርከብ ውሃ ላይ አወረዱ፤ እንፋሎት ሞተርም ሸራም ነበራት። ሸራ ሊጠቀሙ ሲፈልጉ ብዙ ቶን የሚመዝነውን ፕሮፔለር ከዘንጉ አላቅቀው ወደ ላይ፣ ወደ መርከቧ ሆድ ውስጥ፣ በሰው ጉልበት በገመድ ይጎትቱት ነበር። ጭስ ማውጫዎቹንም ነፋስ እንዳይዙ ዝቅ ያደርጓቸዋል። ያን ሁሉ ሰው ያስጎተተው ይኸው በሳፋው ውስጥ ያየነው ነው።

አጎቴ፦ አንተ የሠራህባቸው መርከቦችስ?

እኔ፦ አብዛኛው የንግድ መርከብ ሸራ የለውም፤ ጉዞ ላይ እስካለ ድረስ ፕሮፔለሩ አያርፍም። ስለዚህ ይህ ጥያቄ አይነሳበትም። የኛ አገር መርከቦችም እንዲሁ ናቸው። አንዷን ጊቤ ብለው ሰይመዋታል፤ ያውቃሉ?

አጎቴ፦ ጊቤን? ይቺን እዚህ ታች ያለችውን ወንዝ?

እኔ፦ ስሟን የወሰደችው ከዚሁ ከወንዙ ነው።

አጎቴ ዝም አሉ። ቆይተው «ጊቤ ባሕር ገባች» አሉ፣ ለራሳቸው። ከዚያ ቡና ቀረበና ወደ ነገራችን ተመለስን።

አጎቴ፦ እሺ፣ አሁን ምርጫህን ንገረኝ።

እኔ፦ ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ታጣፊ ነው፤ ክንፎቹ ከሥራቸው በፒን ታስረው፣ ሞተሩ ሲጠፋ ውሃው ወደ ኋላ ገፍቶ ያጥፋቸዋል። ያቺ ደጃፍ ያለችው ጃንጥላ ስትዘጋ ዘንጓን አቅፋ እንደምትሰበሰበው። ከኋላ ሲያዩት ቀጭን ጅራት ብቻ ይቀራል። ሞተሩ ሲነሳ መሽከርከሩ ክንፎቹን ወደ ውጭ ይወረውራቸዋል፤ ይከፈታሉ።

አጎቴ፦ ሁለተኛውስ?

እኔ፦ ሁለተኛው አይታጠፍም። ክንፉ በቆመበት በራሱ ዘንግ ላይ ይዞርና ለውሃው ጎኑን ይሰጣል። ፈረንጆቹ ፌዘሪንግ ይሉታል፤ እኔ ዟሪ እለዋለሁ። ጣውላ ተሸክመው በነፋስ ውስጥ ሲሄዱ ምን ያደርጋሉ?

አጎቴ፦ ጠርዙን ለነፋሱ እሰጠዋለሁ። አለዚያ ከነጣውላው ገደል ይጨምረኛል።

እኔ፦ እሱ ነው። ናዝሬት ሲሄዱ ኮረብታው ላይ የሚታዩት የነፋስ ማመንጫዎችም ይህንኑ ያደርጋሉ። የመጀመሪያው የአዳማ ጣቢያ 34 ማማ ነበረው፣ 51 ሜጋ ዋት፤ በኋላ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት ተጨመረ። ነፋሱ ከልክ ሲያልፍ ክንፎቹ ከሥራቸው ዞረው ጎን ይሰጣሉ፤ ያኔ ነፋሱ ያልፋቸዋል፣ እነሱ ይቆማሉ።

አጎቴ፦ ቆመው አይቻቸዋለሁ። ተበላሽተው መስሎኝ ነበር።

እኔ፦ አውሮፕላንም እንዲሁ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1946 እ.ኤ.አ. ወደ ካይሮ በረራ ሲጀምር የነበሩት ሲ 47 አውሮፕላኖች፣ አንዱ ሞተር ቢጠፋ አብራሪው የዚያን ሞተር የፕሮፔለር ክንፍ ለነፋስ ጎን ያሰጠዋል፤ አለዚያ የሞተው ሞተር ደኅናውን ጎትቶ ይጥለዋል። ዛሬ ወደ ጅማ የሚበሩት ባለ ስድስት ክንፍ ፕሮፔለር ኪው 400 አውሮፕላኖችም ያው ናቸው። እዚያ የሕይወት ጉዳይ ነው፤ እኛ ጋ የፍጥነትና የናፍጣ።

አጎቴ፦ ከሁለቱ የትኛው ያነሰ ይጎትታል?

እኔ፦ ታጣፊው በጥቂቱ ያነሰ ይጎትታል። ነገር ግን ሁለቱም አሁን ካለን ቋሚ ፕሮፔለር ጋር ሲነጻጸሩ ጉተታቸው ከአሥር አንድ እጅ ገደማ ነው፤ ያ 30 ኪሎ ሦስት ይሆናል ብለው ያስቡ። ውድድር ካልገቡ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አያስጨንቅም። እኔ ባልደረቦቼን የምሞግታቸው እዚህ ላይ ነው። እነሱ ወረቀት ዘርግተው የፍጥነት ቁጥር ብቻ ያነባሉ።

አጎቴ፦ አንተስ ምን ታነባለህ?

እኔ፦ ፍሬኑን። ጀልባ ፍሬን የላትም፣ ጋሼ። የምትቆመው ፕሮፔለሩን ወደ ኋላ በማዞር ብቻ ነው።

አጎቴ፦ ቆይ። ጃንጥላው እንዳልከው ወደ ኋላ ነው የሚታጠፈው። ወደ ኋላ ስትሄድ ፕሮፔለሩ ውሃውን ወደ ፊት ይገፋል፤ ውሃው ደግሞ ክንፉን ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ወደሚታጠፍበት! ታዲያ አይዘጋም?

ይህን ሲሉ ሁለቱ የእጅ መዳፎቻቸውን አጋጥመው ከፍተው እየዘጉ ነበር። ባልደረቦቼ መሐንዲሶች ናቸው፤ ይህን ጥያቄ ያነሳ ግን ከሦስታችን አልነበረም።

እኔ፦ ሊዘጋ ይፈልጋል። ክፍት አድርጎ የሚይዘው መሽከርከሩ ብቻ ነው፤ ባልዲ ውሃ ሞልተው ሲያሽከረክሩት ውሃው እንደማይፈሰው። ስለዚህ በኋላ ማርሽ ደፈር ብሎ ነዳጅ መስጠት ያስፈልጋል፤ በቀስታ ካስነሱት ክንፎቹ በግማሽ ተከፍተው ይንቀጠቀጣሉ። የድሮዎቹ በተለይ መጥፎ ስም ነበራቸው፤ አንዱ ክንፍ ሲከፈት ሌላው ተንጠልጥሎ ይቀር ነበር። የዛሬዎቹ ክንፎቻቸው ከሥር በጥርስ የተያያዙ ስለሆኑ አብረው ይከፈታሉ፣ አብረው ይዘጋሉ፤ የክንፉም ክብደት ተሻሽሏል። የዴንማርኩ ጎሪና የስዊድኑ ቮልቮ ፔንታ የሚሠሯቸው ባለ ሦስት ክንፍ ታጣፊዎች ደኅና ያቆማሉ። የድሮ ስማቸው እስካሁን ሲከተላቸው መኖሩ ተገቢ አይመስለኝም።

አጎቴ፦ አንተ ሞክረሃቸዋል?

እኔ፦ አዎን፤ አንድ ቀን አደጋ ልፈጥርባቸው ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። የምሠራበት ግቢ ውስጥ የቆመች ጀልባ ከአንዱ ምሶሶ ወደ ሌላው እንድወስድ ተሰጠችኝ። ክረምቱን ሙሉ አልተነቃነቀችም። ባሕር ውስጥ የቆመ ብረት ላይ የሚጣበቅ ነጭ ቅርፊት ያለው ትንሽ እንስሳ አለ፤ እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል። ከታጣፊው ክንፎች መካከል ሞልቶበት ኖሮ ወደ ፊት ስሄድ በግማሽ ተከፈተልኝ፤ ላቁም ብዬ የኋላ ማርሽ ሳስገባ ተዘጋ። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጀልባዋ ትሄዳለች። ምሶሶውን በእግሬ ገፍቼ አተረፍኳት። ከመነሳቴ በፊት ታስሬ እንዳለሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አንድ አንድ ጊዜ ብሞክር ኖሮ አውቀው ነበር።

አጎቴ፦ እኔ ወፍጮውን እህል ሳልጨምርበት ባዶውን አዙሬ ድምፁን ሳልሰማ ሥራ አልጀምርም። ዟሪውስ በኋላ ማርሽ እንዴት ነው?

እኔ፦ እዚህ ላይ ይበልጣል። ዘንጉ አቅጣጫ ሲቀይር ክንፉ ራሱ ተገልብጦ ያው የፊት ጠርዙን ለውሃው ይሰጣል። ስለዚህ ወደ ኋላም የሚገፋው ወደ ፊት እንደሚገፋው ነው። ቋሚው ፕሮፔለር እንኳ ይህን አያደርግም፤ ቅርጹ ለፊት ጉዞ የተቀረጸ ስለሆነ ሲገለበጥ ማንኪያ በጀርባው እንደመጨለፍ ነው።

አጎቴ፦ ከሆነማ ሌላ ምን ያከራክራል? ዟሪውን ግዛ።

እኔ፦ በነጻ የሚሰጥ የለም። እንደዚያ ተገልብጦ እንዲሠራ ክንፉ ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ጥሩ ክንፍ ደግሞ ከሥሩ እስከ ጫፉ ይጠማዘዛል። ስለዚህ ወደ ፊት በሞተር ስንሄድ ዟሪው ከታጣፊውም ከቋሚውም በጥቂቱ ይሰንፋል። ብዙ መንገድ በሞተር ለሚሄድ ሰው ታጣፊው ይሻላል። ሣርና ገመድ ባለበት ውሃም ታጣፊው ይሻላል፤ ሲዘጋ የያዘውን ያንሸራትተዋል። ጣና ላይ እምቦጭ የጀልባ ሞተር እንዴት እንደሚያንቅ ባሕር ዳር ሳለሁ አይቻለሁ፤ ሞተር አጥፍቶ በእጅ መንቀል ነው። ዟሪው ላይ የተጠመጠመ ነገር በቀላሉ አይወርድም።

አጎቴ፦ እንግዲህ አንዱ ሲሄድ ያሸንፋል፣ አንዱ ሲቆም። ጀልባዋን ሳላያት እንዴት ልፍረድ? ፎቶውን መልስልኝ። ከታች ያለውን።

ፎቶውን አሰፋሁላቸው። ጀልባችን ከሆዷ ሥር፣ ከፊት እስከ ኋላ የሚሄድ ረጅም አከርካሪ አላት፤ መሪዋ ከዚያ ጫፍ ጋር ተያይዟል። በመካከላቸው መስኮት የሚመስል ክፍት ቦታ ተቆርጧል፤ ፕሮፔለሩ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

አጎቴ፦ ይቺ መስኮት ጠባብ ናት። ታጣፊው ሲታጠፍ ይረዝማል አላልክም? ወደ ኋላ ሲዘረጋ መሪውን አይመታም?

እኔ፦ ይመታል። መሪው ሲዞርማ ጨርሶ ይነክሰዋል።

አጎቴ፦ ታዲያ አለቀ! ከዚህ ሁሉ ወሬ በፊት ሜትር አውጥተህ ብትለካ ኖሮ ክርክር አልነበረም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

እኔ፦ እውነትዎን ነው። ባልደረቦቼ ያዩት ጀልባ ሁሉ አዲስ ነው፤ አዲሶቹ አከርካሪያቸው አጭር ስለሆነ ፕሮፔለሩ ከኋላው ሜዳ አለው። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ቮልቮ ፔንታ ያመጣው ሴይል ድራይቭ የሚሉት አለ፤ ዘንጉ በረጅሙ ወደ ኋላ መሄዱ ቀርቶ ከሞተሩ ሥር ቀጥ ብሎ የሚወርድ እግር ነው። እዚያ ላይ ታጣፊው ያለ ችግር ይገባል። የኛ አሮጊት ግን የተሠራችው ለቋሚው ነው፤ ቋሚው ከነበረበት ቦታ የማይወጣ ዟሪው ብቻ ነው።

አጎቴ፦ ከላይስ? ጫፉ ከሆዷ ጋር ስንት ክፍተት አለው?

እኔ፦ ከወርዱ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት በመቶ ቢኖር ጥሩ ነው፤ ለ16 ኢንች ከ4 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር። ካነሰ ክንፉ ባለፈ ቁጥር ጀልባዋ ትንቀጠቀጣለች። እሱን ለክቻለሁ፤ ይበቃል።

አጎቴ፦ ዟሪው ሆዱ ውስጥ ምን አለ?

እኔ፦ ጥርሶች። መካከል ላይ አንድ ጥርስ አለ፣ ከዘንጉ ጋር የሚዞር፤ እያንዳንዱ ክንፍ ሥሩ ላይ የራሱ ጥርስ አለው። የመኪና ዲፈረንሻል ውስጥ እንዳለው። ሁሉም በግራሶ ተሞልቷል።

አጎቴ፦ ጨው ውሃ ውስጥ? ስንት ጊዜ ነው ግራሶ የሚቀየረው?

እኔ፦ በዓመት አንዴ፣ ጀልባዋ ስትወጣ። ውሃ የማያጥበው ግራሶ ነው። ያኔ ክንፉን በእጅ ይዞ ማነቃነቅ ነው፤ ከዓመት ዓመት መነቃነቁ ከጨመረ ጥርሱ እየተበላ ነው። ከዚያ ዚንኩን መቀየር።

አጎቴ፦ ዚንክ ለምን?

እኔ፦ ይህ የጣሪያ ቆርቆሮ ቢጫር እንኳ ቶሎ የማይዝገው ለምንድን ነው? ዚንክ ተቀብቷል፤ ብረቱን ከማስበላት ዚንኩ ራሱ ቀድሞ ይበላል። ባሕር ውስጥም ብሮንዝና ብረት ጨው ውሃ ውስጥ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ይበላል። ዚንክ ካሰሩለት የሚበላው እሱ ነው። ያለቀ ዚንክ ርካሽ ነው፤ ያለቀ ፕሮፔለር አይደለም። ተራ ነሐስ የሆነ ክንፍ ካለ ደግሞ ከውስጡ ዚንኩ ተሟጦ ይወጣና መዳቡ ብቻ ይቀራል፤ ቀለሙ ሮዝ ይሆናል፣ በመዶሻ ነካ ሲያደርጉት ደንቆሮ ድምፅ ይሰጣል።

አጎቴ፦ የተሰነጠቀ ጀበና እንደሚሰጠው።

እኔ፦ እንደዚያ።

አጎቴ፦ አንድ ነገር ቀረ። ክንፉ ምን ያህል ዘንበል ማለት እንዳለበት ማን ነው የሚያውቀው?

እኔ፦ ፋብሪካው የሞተሩን ጉልበት፣ ዙሩን፣ ማርሹ ስንት ለአንድ እንደሚቀንስ፣ የጀልባዋን ርዝመትና ክብደት ጠይቆ ያሰላል። ዘንጉ በየት አቅጣጫ እንደሚዞርና ጫፉ እንዴት እንደሾለም መላክ አለብኝ። ግን ስሌት ስሌት ነው።

አጎቴ፦ ከበዛስ?

እኔ፦ እርስዎ ወፍጮው ላይ እህል ሲያበዙበት ናፍጣው ሞተር ምን ይሆናል?

አጎቴ፦ ዙሩ ይወርዳል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ይሞቃል። ካልቀነስክለት ይገድለዋል።

እኔ፦ ክንፉ ከልክ በላይ ዘንበል ሲልም ሞተሩ ያንኑ ያደርጋል። ካነሰ ደግሞ ሞተሩ በባዶ ይጮኻል፣ ጀልባዋ አትሄድም። ዟሪው እዚህ ላይ ትልቅ ጥቅም አለው፤ የጣሊያኑ ማክስ ፕሮፕ ዓይነቶቹ ዘንበላቸው ይስተካከላል። ሙሉ ነዳጅ ሰጥቼ ሞተሩ ፋብሪካው ካለው ዙር መድረሱን አያለሁ፤ ካልደረሰ ጥቂት ዲግሪ እቀንሳለሁ። ታጣፊው ካልተስማማ ክንፉን አውጥቶ ሌላ ክንፍ መግዛት ነው።

አጎቴ፦ ዟሪውን ሲያቆሙትስ? ራሱ ያውቃል ጎን መስጠቱን?

እኔ፦ ማሳወቅ ያስፈልጋል። በሸራ ወይም በሞተር ትንሽ እየሄድን፣ የፊት ማርሽ ላይ እንዳለ ሞተሩን እናጠፋዋለን። ዘንጉ ሲቆም ውሃው ክንፉን ያዞረዋል። ዘንጉ መሽከርከሩን ከቀጠለ ግን ክንፉ ጎን አልሰጠም ማለት ነው፤ ማርሽ አስገብቶ ማቆም ያስፈልጋል። ታጣፊውን ደግሞ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ በኋላ ማርሽ መቆለፍ ይመከራል። ይህን አብሮኝ የሚጓዝ ሰው ሁሉ ማወቅ አለበት፤ ብዙ ገንዘብ ከፍለው ገዝተውት በሸራ ሲሄዱ እንዲሽከረከር የሚተዉትን አይቻለሁ።

አጎቴ፦ ዋጋው?

እኔ፦ የቋሚውን አራት አምስት እጥፍ።

አጎቴ ስኒያቸውን አስቀመጡ። ከደጅ ዝናቡ ቀጥ ብሎ ነበር። ከግቢው ዳር ያሉት የእንሰት ቅጠሎች ከነፋስ የተነሳ በርዝመታቸው ተተልትለው ተንጠልጥለዋል፤ ለረጅም ጊዜ ወደዚያ ተመለከቱ።

አጎቴ፦ እኔ የምፈራው አንድ ነገር ነው። እዚያ ውሃ መካከል፣ ከሰው ርቃችሁ፣ ያ ጥርስ ቢሰበር ማን ይሠራላችኋል? ቋሚው አንድ ብረት ነው። ቢጣመም በመዶሻ ትመልሰዋለህ። ከአሰብ መንገድ ላይ የተረፍነው የምናውቀው ዕቃ ብቻ መኪናው ላይ ስለነበረ ነው፤ ረዳቱም ሾፌሩም ፈትቶ የሚገጥመው። ፍጥነት ደኅና ነው። ግን የማትፈታውን ዕቃ አትመን።

እኔ፦ እፈታዋለሁ፣ ጋሼ። ከመግጠሜ በፊት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ እስከ መጨረሻው ፈትቼ እገጥመዋለሁ። ጥርሶቹ ላይ ምልክት አላቸው፤ ምልክቱ ካልተጋጠመ ክንፎቹ እኩል አይዞሩም። ሁለቱም ባልደረቦቼ ያደርጉታል፤ እኔ ብቻ አይደለሁም። ስመለስ በዚህ ካልተስማሙ አልገዛም።

አጎቴ፦ ቋሚዋንስ ምን ልታደርጓት ነው? ትሸጧታላችሁ?

እኔ፦ ባልደረቦቼ ሸጠን ለዋጋው እናግዝ ይላሉ።

አጎቴ፦ እንዳትሸጡ።

እኔ፦ እኔም አልሸጥም። ታጥባ፣ ግራሶ ተቀብታ፣ ከጀልባዋ ሆድ ውስጥ ትታሰራለች። ዘንጉም መስኮቱም የሷው ነው፤ የትም ደረቅ መሬት ብንወጣ በግማሽ ቀን እንመልሳታለን።

አጎቴ፦ ከነዳዶዋ?

እኔ፦ ከነዳዶዋ፣ ከነማያያዣ ኪያቤታዋ።

አጎቴ፦ ማውለቂያዋንም ጨምር። ዳዶ ፈትተህ ከዘንጉ ላይ አልላቀቅ ያለችህ ጊዜ ነው ሰው የሚያስፈልግህ።

ማንኪያዋን ከሳፋው አወጡ፤ ሁለት ሌሎች የቀንድ ማንኪያዎች ጨምረው በፎጣ አደረቋቸው። ሦስቱንም በአንድ እንጨት ዙሪያ፣ ፊታቸውን ወደ አንድ ወገን አድርገው፣ በቃጫ አሰሯቸው። ከዚያ ከቤቱ ጀርባ ወደምትወርደው የዝናብ ውሃ ቦይ አመራን፤ ውሃው ገና ሞልቶ ይፈስ ነበር። እንጨቱን በእጃቸው ይዘው ማንኪያዎቹን ፊት ለፊት አስገቡ፤ ክንዳቸው ወደ ታች ተሳበ። አወጡና አንድ በአንድ አዙረው ጎናቸውን ሰጧቸው፤ እንደገና አስገቡ።

አጎቴ፦ በል ያዝ። አንተም ይሰማህ።